መንትዮቹ ይቅደሙ

ገነቴ የአባቷን ሸሚዝ ስትቆልፍ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ከማይገባበት ቀዳዳ ከተተችው። ጋሽ ሆሴዕ በደህናው በግራ እጃቸው ጣቶቿን ያዝ አድርገው ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ መሯቸው። ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቁም፤ መጠየቅ ቢፈልጉም አይችሉም። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ሲይዘው አንደበታቸውንም አብሮ ይዞባቸዋል። "ውሃ" የምትለዋን ቃል ለማውጣት እንኳ ግንባራቸው በላብ ይጠመቃል፤ የገዛ ልጃቸውን ስም ለመጥራት ጀምረው ይተዋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ተርፎላቸዋል። እሱም ዜማው ነው።

ጋሽ ሆሴዕ በሆሳዕና ከተማ ዕድሜ ልካቸውን ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን ኳየር የመሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን ሥራ ለያይተው አያውቁም። ኤሌክትሮኖች በሞለኪውል ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፍሩ ተማሪ አልይዝ ቢላቸው ጊዜ፣ አንድ ቀን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው በኳየር ስልት ዜማ አወጡለት፤

ሲግማ ኤስ ይሙላ፣ ኮከቡ ይሙላ፤
ሲግማ ፒ ይቅደም፣ መንትዮቹ ኋላ።
ባለኮከቦቹ ሰገነት ላይ ናቸው፤
ታችኛው ሳይሞላ አይደርስም ተራቸው።

አማኝ ሰው ስለሆኑ ዘፈን አይሉትም፤ መዝሙር ማለቱም ድፍረት ሆነባቸውና "ዜማው" እንዳሉት ቀረ። ከሞርሲቶ እስከ ሾኔ በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪሙ ያውቀዋል፣ የወረዳው ሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል፣ ባጃጅ የሚነዳውም ያውቀዋል። ገነቴም የኬሚስትሪ መምህርት ሆና የአባቷን ክፍል ስትረከብ ዜማውንም አብራ ተረከበች። ከበሽታው በኋላ ደግሞ ከአፋቸው ሳይሰበር፣ ሳይንተባተብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ያንጎራጉሩታል፤ በዚያች ደቂቃ ፊታቸው የጤነኛ ሰው ፊት ነው። ሐኪሙም ቤተሰቡን ጠርቶ፣ ንግግራቸው የሚመለስ ከሆነ በዚያ በኩል ነው የሚመለሰውና እንዳታቋርጧቸው ብሎ አስጠንቅቋል።

ታዲያ ገነቴ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ዜማው ውስጥ ስሕተት እንዳለ አውቃለች። ዛሬ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ለብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ ስሕተቱንም በአፋቸው ይዘውት ሊሄዱ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ሀኒ ናት። ሀኒ ከክፍሉ ሁሉ ነገር የምታበዛዋ፣ ጥያቄዋ ደወል ከተደወለ በኋላ የሚመጣባት ልጅ ናት። ትናንትም ሌሎቹ ፍራሽና ብርድ ልብሳቸውን ሊያዘጋጁ ወደየቤታቸው ሲሮጡ እሷ ብላክቦርዱ ሥር ቀርታ፣ ሁለት የቦሮን አቶሞች የተጣመሩበትን ሞለኪውል በዜማው ሠርታ ማግኔት እንደማይስበው አገኘች። መጽሐፉ ግን ይስበዋል ይላል። ካርቦን ላይም እንዲሁ ተገላበጠባት።

"ቲቸር፣ የማን ነው ልክ?" አለች።

ገነቴ መጀመሪያ ሳቀች። "ቆይ፣ አንድ ላይ እንሥራው" ብላ ጠመኔ አነሳችና፣ ሠርታ ስትጨርስ ሳቋ ከፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት አቶሞች ሲጣመሩ የኤሌክትሮኖቻቸው የግል ማደሪያ ቀርቶ ለሁለቱም የጋራ የሆነ አዲስ ማደሪያ ይሠራል። እንደ ፎቅ ቤት ነው። ኮከብ የሌላቸው ክፍሎች አቶሞቹን ያስተሳስራሉ፤ ኮከብ ምልክት የተደረገባቸው ክፍሎች ደግሞ ያለያያሉ። ኤሌክትሮን ከታች ጀምሮ ይገባል፤ በአንድ ክፍል ከሁለት በላይ አያድርም። ፓይ የሚባሉት ሁለት ክፍሎች አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ያሉ መንትዮች ስለሆኑ ግን መጀመሪያ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል፤ ሁለተኛ የሚገባባቸው ሁለቱም አንድ አንድ ካገኙ በኋላ ነው። ያለ ጥንድ ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን ያለበትን ሞለኪውል ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚያርፈው ሲግማ ፒ የምትባለው ክፍል ከመንትዮቹ በታች ናት ወይስ በላይ በሚለው ላይ ነው።

ለኦክስጅን በታች ናት፤ ዜማው ልክ ነው። ከእሱ ቀለል በሚሉት በቦሮን፣ በካርቦንና በናይትሮጅን ግን ከሥር ያሉት የኤስ ክፍሎች ቅርብ ስለሆኑ ይጋፏታል፤ ገፍተው ገፍተውም ከመንትዮቹ በላይ ያወጧታል። እዚያ መንትዮቹ ናቸው መቅደም ያለባቸው።

ይህን ያህል ዘመን እንዴት ማንም አላየውም ቢባል፣ ጥፋቱ የናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሦስቱንም ክፍሎች ስለሚሞላ ማንኛዋም ብትቀድም መልሱ ያው ነው። ጋሽ ሆሴዕ ደግሞ ምሳሌያቸው ሁልጊዜ አየር ነበር። "የምትተነፍሱትን እወቁ" ይሉና ናይትሮጅንን ያሠራሉ፣ ኦክስጅንን ያሠራሉ፣ ደወል ይደወላል። ቦሮን ጋ ሳይደርሱ ሴሚስተሩ ያልቃል። ገነቴ ዩኒቨርሲቲ እያለች ትክክለኛውን ተምራ፣ ፈተና ላይም ጽፋው ታውቃለች። አገሯ ገብታ የአባቷ ብላክቦርድ ፊት ስትቆም ግን ከአፏ የወጣው ልጅ ሆና የለመደችው ነው፤ ምሳሌዋም እንደሳቸው አየር ነበርና አላጋለጣትም።

ማታውኑ ለተማሪዎቹ በቴሌግራም ጻፈችላቸው። ማንም አላየውም። ስልክ ይዞ ፈተና ግቢ የተገኘ ይባረራል ስለተባለ ሁሉም ስልካቸውን ዘግተው ለወላጆቻቸው አስረክበዋል። ዩኒቨርሲቲው በር ከገቡ በኋላ ደግሞ ወረቀትም አስተማሪም አይደርስባቸውም። አንድ ጥያቄ ምን አላት የሚል ሰው ካለ አምና ያለቀሰውን ልጅ አላየም ማለት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ሃምሳ በመቶ በአንዲት ጥያቄ አጥቶ አሁን ሾኔ ገበያ ላይ ጫማ ዘርግቶ ይሸጣል። ገነቴ በዚያ በኩል ማለፍ ትታለች።

ጠዋት አባቷን ስታለብስ ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። አንደኛ፣ "አባዬ" ብላ ቀረች። ሁለተኛ፣ እሳቸው ኮሌታቸውን እያስተካከሉ ዜማውን ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ዛሬ በሽኝቱ ላይ ተማሪዎቹን በዜማው የሚመሩትና የሚመርቁት እሳቸው ናቸውና ይለማመዱ ነበር። ድምፃቸው ንጹሕ ነው። ገነቴ የቀረውን ቁልፍ ቆልፋ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። ሁለት አውቶቡሶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው በረንዳው ሥር ተኮልኩለዋል። ገነቴ አባቷን አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጠችና ምክትል ርዕሰ መምህሩን አቶ ኃይለመለኮትን ፈለገቻቸው። አቶ ኃይለመለኮት አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ሆሴዕ አላስተማሯቸውም፤ ሆኖም እሳቸው ካስተማሯቸው ሰዎች ይበልጥ ያከብሯቸዋል። ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸውና፣ ከምርቃቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጧት ለመነቻቸው።

ከምርቃቱ በፊት ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር የሽማግሌ ምርቃት ነገር ይዘጋል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው፣ ሕዝቡ አሜን ካለ በኋላ "ቆይ፣ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር" ማለት፣ ማረም፣ መከራከር፣ ምርቃቱን መሬት እንደ መድፋት ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ የሚነገራቸውን ነገር እንደ ክፉ ገድ ነው የሚሰሙት።

አቶ ኃይለመለኮት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"በአባትሽ ፊት ዜማው ተሳስቷል ልትያቸው ነው?"

"ለቀላሎቹ ሞለኪውሎች ብቻ ነው፤ ለኦክስጅን ልክ ነው።"

"ልጆቹ 'ብቻ' የምትለውን ቃል አይሰሙሽም፣ ገነቴ። የሚሰሙት ጋሽ ሆሴዕ ተሳሳቱ የሚለውን ነው። ነገ ፈተናው ላይ ሌላውንም የተማሩትን ሁሉ ይጠራጠሩታል። ልጆቹስ ይሁን፣ እሳቸውስ? ከአፋቸው የሚወጣው የቀራቸው ይኸው ነው። አንቺ ልጃቸው ሆነሽ ይህን ልትወስጂባቸው ነው?"

ገነቴ የተናደደችውም ሰውየው ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነባት ነው። ፕሮግራሙ ተይዟል፣ እንግዳም አለ፣ ተዪው ብለዋት ሄዱ።

እንግዲያው አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች። ሀኒን አገኘቻት፤ ሀኒ ደግሞ ጓደኞቿን ሰበሰበች። ገነቴ ለቦሮንና ለካርቦን መንትዮቹ እንደሚቀድሙ አስረዳች፤ ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገብቶናል አሉ። ሀኒን፣ በይ ካርቦንን ሥሪልኝ አለቻት። ሀኒ በጣቷ አየሩ ላይ ፎቁን እየሳለች መሙላት ጀመረች፤ ከንፈሯ ሳታውቀው ዜማውን ያንጎራጉራል፤ ጣቷም ዜማውን ተከትሎ ሲግማ ፒ ላይ አረፈ። ራሷ አይታው ደነገጠች።

"ቲቸር፣ አፌ እምቢ አለኝ" አለች። ልታለቅስ ደርሳ ነበር። "ጋሽ ሆሴዕ ካላሉት አይገባልንም እኮ።"

ልጅቷ ልክ ናት። በዜማ የገባ በንግግር አይወጣም። ልጆቹን ማዳን የሚችለው የአባቷ አፍ ብቻ ነው፤ የአባቷ አፍ ደግሞ ከዚያች ዜማ በቀር ሌላ የለውም።

አዳራሹ ተሞላ። ኳየሩ ዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ። ከዞን የመጡት እንግዳ ንግግራቸውን ጀመሩ። እንግዳው የትምህርትን ጥቅም ከልማት፣ ልማትን ከሰላም፣ ሰላምን እንደገና ከትምህርት ጋር እያያያዙ ሲዞሩ ዝናቡ መጣ። የሆሳዕና የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎንህ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ አያሰማህም። እንግዳው ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉት። ገነቴ ሰዓቷን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ አባቷን ታያለች። ጋሽ ሆሴዕ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ምት እየመቱ ነው። ከውጭ የአውቶቡሶቹ ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሮቹ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን መውጣት ፈልገዋል።

እንግዳው ገና "በመጨረሻም" ሲሉ መብራት ጠፋ።

ማይክራፎኑ ሞተ፤ አዳራሹ ውስጥ ፊት ከፊት በግድ የሚለይ ሆነ። አቶ ኃይለመለኮት ጊዜ አላጠፉም፤ መድረኩ ላይ ወጥተው በእጃቸው ምልክት ቀሪውን ፕሮግራም ሰረዙና ጋሽ ሆሴዕን ጠሯቸው። ቀጥታ ዜማውና ምርቃቱ። ተማሪዎቹ ብድግ አሉ።

አባቷን ደግፎ መድረክ ላይ ማውጣት የገነቴ ሥራ ነበር። ክንዳቸውን ይዛ አንድ ደረጃ፣ ደግሞ አንድ ደረጃ አወጣቻቸው። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። አባቷ ዜማቸውን ዘምረው፣ መርቀው፣ በክብር ይወርዳሉ። ልጆቹም ስሕተታቸውን ይዘው አውቶቡሱ ላይ ይወጣሉ፤ ምናልባት ጥያቄው ላይመጣም ይችላል። ይህን ሁሉ አሰበች። ሾኔ ገበያ ላይ ጫማ ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅም ትዝ አላት፤ ሲያያት ቀድሞ አንገቱን የሚደፋው እሱ ነበር።

ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለችና "አባዬ፣ ይቅር በለኝ" አለች። ከዚያም ወደ አዳራሹ ዞራ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

"ዜማው ውስጥ ስሕተት አለ! ለቦሮን፣ ለካርቦን፣ ለናይትሮጅን መንትዮቹ ናቸው የሚቀድሙት! ሲግማ ፒ ኋላ ናት! ኦክስጅንና ፍሎሪን ብቻ እንደ ዱሮው ናቸው!"

ዝናቡ ግማሹን ዋጠባት። ፊት ያሉት ሰሙ፤ ወደ ኋላ አስተላለፉት፤ ጉርምርምታው እየሰፋ ሄደ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሌላው "ጋሽ ሆሴዕ ይናገሩ!" አለ። የክፍሉ ልጆች እሷን ሳይሆን እሳቸውን ነው የሚያዩት። አቶ ኃይለመለኮት ፊታቸው እንደ አመድ ሆኖ ከመድረኩ ሊያወርዷት መጡ፤ እጃቸው ክንዷ ላይ ሲደርስ ግን ጋሽ ሆሴዕ ግራ እጃቸውን አነሱ። አቶ ኃይለመለኮት ባሉበት ቆሙ።

ገነቴ አባቷን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ጫማቸውን ነው ያየችው፤ ጠዋት ራሷ ያሰረችውን ክር።

ከላይዋ ድምፃቸው ተነሣ። ዝናቡን ሰንጥቆ የሚወጣ የኳየር መሪ ድምፅ ነው፤ "ሲግማ ኤስ ይሙላ፣ ኮከቡ ይሙላ" አሉ።

ከዚያ ቆሙ።

እዚያች መስመር ላይ ቆመው አያውቁም። በሽታው እንኳ እዚያ ላይ አላቆማቸውም። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ከንፈራቸው "ሲ" ሊል ተዘጋጀና ተመለሰ። "መ" ለማለት ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ "መ... መ..." አሉና ከዚያ በላይ አልወጣም። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ገነቴ ያን ጊዜ ነው ያየቻቸው። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው፤ ቁጣ ይሁን ልመና አልለየችውም። ቃሉን ልትልላቸው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችም፤ ይህን ካለችላቸው የመጨረሻውን እንደ ነጠቀቻቸው ተሰማት። አድርጋው በማታውቀው ሁኔታ፣ እዚያው ሰው ፊት እንባዋ ወረደ።

አንድ ሰው ይበቃል ብሎ እስኪያወርዳቸው የሚጠበቅ መሰለ። ፊት ረድፍ ላይ ያሉ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ኃይለመለኮት አንድ እርምጃ ወደፊት ብለው ተመለሱ።

ጋሽ ሆሴዕ አፋቸውን ዘጉ። ተዉት። ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና፣ እሁድ እሁድ ኳየር ፊት ሲቆሙ እንደሚያደርጉት አንዴ አየሩ ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ሌሎቹን ጣቶች አጠፉ። ሁለት ጣት ብቻ ጎን ለጎን ቆሞ ቀረ።

መጀመሪያ የገባት ሀኒ ናት። ድምፅዋ ከመሐል ቀጥኖ ወጣ፤ "መንትዮቹ ይቅደሙ።"

የሽማግሌው እጅ ወደ እሷ ሄዶ ድምፅዋን ጎተት አደረገው። ጎኗ ያሉት ተቀበሉ። ሁለቱ ጣቶች ታጠፉና አንዲት አውራ ጣት ቆመች፤ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ጠቆመች። "ሲግማ ፒ ኋላ!" አለ ግማሹ አዳራሽ። እጁ መለሳቸው። እንደገና። የሳቀው ልጅ የቆመበትን የኋላ ረድፍ ለይተው ጠሩ፤ አስደገሙት፣ አሠለሱት። ዜማው ሳይጎረብጥ፣ ምቱ ሳይሰበር፣ አዳራሹ በአንድ አፍ ሲለው ብቻ እጃቸው ለሰስ አለ። ከዚያም ጣቶቻቸው ሁሉ ተዘረጉ፤ መዳፋቸው ወደ ልጆቹ ዞረ። ምርቃት ነው። ቃል የለውም። ቢሆንም አዳራሹ እንደ ነጎድጓድ አሜን አለ፤ ነገሩም ተዘጋ።

ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ጋሽ ሆሴዕ አንዲት ቃል አልዘመሩም።

አውቶቡሶቹ ሲወጡ ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ዝናቡ ውስጥ እየዘመሩ ነበር፤ "መንትዮቹ ይቅደሙ" የሚለው ጎፈር ሜዳ መታጠፊያ ድረስ ተሰማ። ሀኒ ለገነቴ ሁለት ጣቷን አሳየቻት። አቶ ኃይለመለኮት ዣንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ ጋሽ ሆሴዕን ከላያቸው ከልለው ባጃጁ ድረስ ሸኟቸው። እሳቸው ራሳቸው በስብሰው ተመለሱ።

ባጃጁ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጎኑ ላስቲክ በነፋስ ይርገበገባል። ገነቴ ተማሪዎቹን አሰበች፤ ለእነሱ ልቧ አርፏል። የማያርፈው ለሌላው ነው። አባቷ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። ነገ ጠዋት አልጋቸው ላይ ቀና ሲሉ ያች ንጹሕ ድምፅ ትመጣለች ወይ? ወይስ እዚያች መስመር ላይ እየደረሰች ትሰበር ይሆን? ሐኪሙ እንዳታቋርጧቸው ብሎ ነበር። እሷ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አቋረጠቻቸው። ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? ያልተሳሳተችውን ነገር ተሳሳትኩ ትበል?

ጋሽ ሆሴዕ ክንዷን ነካ አደረጉ። ዞረች። አንድ ነገር ሊሉ ታገሉ፤ "ኦ..." አሉ፤ "ኦ..." አሉና ተሸነፉ። በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን መቱ። ተናደዱብኝ ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ከዚያ ዓይኗን እያዩ በረጅሙ አየር ሳቡ፤ ደረታቸው ከፍ አለ፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉና ቅንድባቸውን አንሥተው ጠበቁ።

የምትተነፍሱትን እወቁ።

ገነቴ ገባት። አቶ ኃይለመለኮት ልጆቹ አይሰሙሽም ያሏትን 'ብቻ' የሚለውን ቃል ልጆቹ ሰምተውት ነበር። ያልሰሙት አባቷ ናቸው። እነዚያን ሁሉ ዘመናት ያስተማሩት በሙሉ ከንቱ መስሏቸው፣ እንዲያም ሆኖ ነው ሁለት ጣታቸውን ያነሱት።

"ኦክስጅንማ ያንተው ነው፣ አባዬ" አለች። "ኦክስጅን ላይ ምንም አልተሳሳትክም። ሲግማ ፒ ይቅደም።"

ጋሽ ሆሴዕ እውነቷን መሆኑን ሊያረጋግጡ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ዝናቡ ቀንሶ ነበር። ቀስ ብለው ጀመሩት፤ ያች መስመር ጋ ሲደርሱ ገነቴ የላስቲኩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች፤ እሳቸው ግን ሳይሰበሩ አለፏት፤ "ሲግማ ፒ ይቅደም፣ መንትዮቹ ኋላ።"

ከፊት ያለው የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየት አደረጋቸውና ከት ብሎ ሳቀ። ጊዜም አላጠፋም፤ እጁን መሪው ላይ እየመታ ሁለተኛውን ድምፅ ያዘላቸው። ገነቴ ልታርመው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ሰውየው የያዘው ኦክስጅንን ነው።